ይሰበር ብዬ የተሳልኩበት ዘንግ

ባለቤቴ ገመቹ አንድ አመል ነበረበት፤ የጠየቁትን ሁሉ ያስረዳል። "ስንት ሰዓት ነው?" ብትሉት ሰዓቱን ነግሯችሁ አያበቃም፤ ሰዓቱ ለምን ወደ ኋላ እንደሚቀር፣ ማን ጋ ቢጠገን እንደሚሻል ጨምሮ ነው። እኔ ደግሞ አጭር ነገር የምወድ፣ ቶሎ የምቆጣ ሴት ነኝ። "አንተ ሰው፣ ውሃ ስጠኝ ቢሉህ ዝናብ ከየት እንደሚመጣ ነው እንዴ የምትጀምረው?" እያልኩ እስቅበታለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የወደድኩትም በዚሁ አመሉ ነው። ሰው ሁሉ አፉን በሚጠብቅበት ዘመን የጠየቁትን በቀጥታ የሚመልስ ወንድ ማግኘት ቀላል አልነበረም።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው። የምንኖረው ዛሬ አዳማ በምትሏት፣ ያኔ ሁላችንም ናዝሬት በምንላት ከተማ ነበር። አንድ አሮጌ የአሜሪካ ፒክአፕ ነበረን፤ "ሽማግሌው" ነው የምንለው። እኔ ዓለም ጤናና መቂ ወርጄ ከገበሬ ሽንኩርት እገዛለሁ፤ ገመቹ ይነዳል፣ ሲበላሽም ራሱ ይጠግናል። ልጅ ገና አልወለድንም። እንጀራችን ሽማግሌው ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ገመቹ እኔን ከማግባቱ በፊት ደብረ ዘይት፣ አውሮፕላን በሚጠገንበት ካምፕ ውስጥ መካኒክ ነበር። ጆሮውን ታሞ፣ ተመርምሮ፣ በሰላም ተሰናብቶ የወጣ ሰው ነው። ያም ሆኖ በዚያን ጊዜ ከጦር ካምፕ የወጣ ሰው በዓይነ ቁራኛ ነበር የሚታየው። "ሌላውን እንደፈለግህ አስረዳ፤ ይህችን ብቻ እባክህ ለሰው አታውራ" ብዬ ለምኜዋለሁ። "እሺ ይርጌ" ብሎኛል። ይርገዱ ነው ስሜ፤ እሱ ግን ይርጌ ነው የሚለኝ።

ነገሩ የጀመረው ከዓለም ጤና ሽንኩርት ጭነን ስንመለስ ነው። ሞጆ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከእግራችን ስር ጓ! የሚል ድምፅ መጣና መኪናው እየተንገጫገጨ ቆመ። ገመቹ ከስር ገብቶ አየና ፊቱን አጥቁሮ ወጣ። በመኪና ሆድ ስር ሞተሩ የሚሰጠውን ጉልበት ተቀብሎ ለኋላ ጎማ የሚያደርስ፣ የሰው ቁመት ያህል የሚረዝም፣ የሚሽከረከር ዘንግ አለ። እሱ ነው ተጣሞ የተሰነጠቀው። ሽንኩርቱን በሰው መኪና አስጭነን ሽማግሌውን አስጎትተን ግቢያችን አስገባነው።

እቃ ያኔ ከየት ይመጣል? ገመቹ ጋራዥ ለጋራዥ ተንከራተተ። የተሰነጠቀውን በያጅ ጋ ወስዶ አስበየደው፤ መኪናው ከግቢ ሳይወጣ እዚያው ቦታ ላይ ተተረተረ። ሽማግሌው እንደቆመ ክረምቱ ሊገባ ነው፣ እኔም መናደድ ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። እንዲህ ባለ ቀን ነው ገመቹ እየሮጠ የመጣው።

"ይርጌ፣ አገኘሁ! አቶ ሸምሱ ጋ! ድስት ሊያደርጉት ነበር እኮ!"

አቶ ሸምሱ ከገበያው ጀርባ አሉሚኒየም እያቀለጡ ድስትና ማንቆርቆሪያ የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። የአንድ እርዳታ ድርጅት አዲስ ፒክአፕ፣ ከሽማግሌው ፋብሪካ የወጣ፣ ላንጋኖ አካባቢ ተገልብጦ ኖሮ፣ ስብርባሪውን የገዛው ነጋዴ አሉሚኒየም የሆነውን እየለየ ለእሳቸው ሸጦላቸዋል። የዚያ ፒክአፕ ዘንግ ከክምሩ ውስጥ ተጋድሟል።

"አሉሚኒየም የሆነ የመኪና ዘንግ አይቼ አላውቅም ነበር" አለ ገመቹ። "ጫፉን ከኛው ክሮቼራ ጋር አስተያየሁት፣ ልክክ ነው የሚለው። ፋብሪካው ሌላውን ሁሉ ሲቀይር ክሮቼራውን አልቀየረውም።" ክሮቼራ የሚሉት ዘንጉን በሁለቱም ጫፍ የሚያያይዘውን መስቀል መሳይ ብረት ነው።

አብረን ሄደን ወሰድነው። አቶ ሸምሱ "ለሦስት ድስት ይበቃኝ ነበር፤ በሉ ከናንተ አይበልጥም" ብለው እየሳቁ ሸኙን። ጋሪ ላይ ጫንነው። ዘንጉ ከጋሪው በላይ ረዝሞ ወደ ኋላ ተርፏል፤ ፀሐይ ሲመታው ያብረቀርቃል። እኔ ከባለ ጋሪው አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ ገመቹ ከኋላ ጫፉን ደግፎ በእግሩ ይከተላል፤ ደስታው ሌላ ነበር።

ቀበሌው ፊት ለፊት ስንደርስ አንድ አብዮት ጠባቂ እጁን ዘርግቶ ጋሪውን አስቆመ።

"ምንድነው ይሄ?"

"የመኪና ዘንግ ነው፣ ወንድሜ" አለ ገመቹ።

ጠባቂው አንዱን ጫፍ ይዞ ለማንሳት ወገቡን አጠበቀ። ዘንጉ ግን ብድግ አለለት። እንደገና በአንድ እጁ አነሳው። ዓይኑ ፈጠጠ።

"ይሄ የመኪና አይደለም። የመኪና ብረት እንዲህ አይቀልም!"

አትፍረዱበት። ያኔ ለኛ መኪና ማለት ክብደት ነው። የከበደ ብረት የመኪና ነው፤ የቀለለ ከሆነ ግን ወይ የድስት ነው ወይ የአውሮፕላን። ይህ ደግሞ ድስት አይመስልም። ቱቦ ነው፣ ይረዝማል፣ ወገቡ ላይ የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር ታትሞበታል። የአውሮፕላን ካምፕ ያለበት ደብረ ዘይት ደግሞ ሩቅ አይደለም። እኔም ባላውቀው ያንኑ እል ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ተጠርቶ መጣ። ክፉ ሰው ነበር ማለት አልችልም፤ ፈሪ ነበር። የበላይ አካል "ይህን ሳታይ እንዴት አለፍክ?" እንዳይለው ሲል አገር የሚያስር ፈሪ።

"ለምንድነው የቀለለው?" አለ ዘንጉን በጣቱ እየነካካ።

ከጋሪው ዘልዬ ወርጄ የገመቹን ክንድ ቆነጠጥኩት፤ ዝም በል ማለቴ ነው። ምን ዋጋ አለው!

"አሉሚኒየም ስለሆነ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለ ባሌ፣ ተማሪ እንዳገኘ አስተማሪ ፊቱ በርቶ። "አሉሚኒየም ከብረት በጣም ይቀላል፤ ቱቦ አድርገው ሲሠሩት ግን ጥንካሬው የሚገርም ነው። አውሮፕላን ራሱ ከምን የሚሠራ ይመስልዎታል? ከዚሁ እኮ ነው።"

"አውሮፕላን?" ሊቀመንበሩ እጁን ከዘንጉ ላይ ሰበሰበ። "አንተ ይህን እንዴት ልታውቅ ቻልክ?"

በሚካኤል፣ አሁን እንኳን ይዋሽ አልኩ።

"ደብረ ዘይት መካኒክ ነበርኩ" አለ ገመቹ።

በቃ፣ ጉድ ፈላ። ጠባቂዎቹ ሁለቱን እጆቹን ወደ ኋላ ያዙት። "ከአቶ ሸምሱ ነው የገዛነው! ድስት ሠሪው! ሄዳችሁ ጠይቋቸው!" ብዬ ጮህኩ። እውነትም ይዘውን ሄዱ። አቶ ሸምሱ በሩን ገርበብ አድርገው በሰውነታቸው ዘግተውት ቆሙ።

"አላውቃቸውም" አሉ።

"አባቴ፣ አሁን እኮ ነው የሰጡን!"

"እኔ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። አላውቅሽም፣ ልጄ።"

በሩ ተዘጋ። እዚያ በር ላይ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ከልጆቻችሁ ጋር ልታነቡት ትችላላችሁ። ገመቹ ግን "ተዪያቸው፣ ምክንያት ይኖራቸዋል" ነበር ያለው። እጁ ታስሮ!

ፖሊስ ጣቢያ አሳደሩት። በማግስቱ ጠዋት ስንቅ ይዤ ስሄድ ሊቀመንበሩ ቀድሞኝ ደርሶ ከጣቢያው አዛዥ ጋር ይጨቃጨቃል። አዛዡ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ይባላሉ፤ እንቅልፍ የጠገቡ የማይመስሉ ወፍራም ሰው ናቸው።

"የጦር ንብረት ነው፤ ሰውየው ደግሞ ራሱ አምኗል። ወደ ላይ ይላክ" ይላል ሊቀመንበሩ።

ወደ ላይ ይላክ ማለት ያኔ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልደረሰባችሁ አይድረስባችሁ። የሰፈራችን ሰዎች ወደ ላይ ተልከው ስንቃቸው ብቻ ነበር የተመለሰው። ስንቁን መሬት ላይ አስቀምጬ ሃምሳ አለቃው እግር ስር ወደቅኩ።

"ተነሺ፣ እህቴ፣ ተነሺ" አሉኝ ተጨንቀው። "እኔ አውሮፕላን የት አውቄ! እንዲህ ይሁን። የመኪና ነው ካላችሁ መኪናው ላይ ይግጠም። ገጥሞ ከሄደ የመኪና ነው። ካልገጠመ እኔም ልረዳሽ አልችልም።"

ሊቀመንበሩ ወዲያው ተስማማ፤ እንደማይገጥም እርግጠኛ ነበር።

ገመቹን ከነዘንጉ ግቢያችን አመጡት። እጁን ፈቱለትና አንድ እግሩን በገመድ አሰሩት፤ የገመዱን ጫፍ ያ ጋሪ ያስቆመው ጠባቂ ያዘው። የሰፈሩ ሰው በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። ሁልጊዜ ከገመቹ ጋር መኪና ስር የሚተኛ አንድ የልብ ጓደኛው አለ፤ እሱም ከአጥሩ ማዶ ቆሟል። "ና እንጂ፣ ያዝለት!" ብዬ ብጠራው መሬት መሬት አየ። ሌላም የሚደፍር ጠፋ። ነጠላዬን አጥር ላይ ጣልኩና ቀሚሴን ሸብ አድርጌ መኪናው ስር ገባሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሽማግሌውን ጎማ እንኳ ነክቼ አላውቅም።

ገመቹ የፊቱን ጫፍ ካምቢዮው፣ ማርሽ ሳጥኑ ላይ አስገባ። ጥሩ ነው። የኋላውን ወደ ቦታው ሊያመጣው ሲል ቆመ። ገፋው፣ አሁንም ቆመ። ዘንጉ አራት ጣት ያህል ረዝሟል።

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። "አልገባም! አየህ ሃምሳ አለቃ? የመኪና ቢሆን ይገባ ነበር!"

"የሌላ መኪና ስለሆነ ነው የረዘመው!" አልኩ ከስር።

"እንግዲያው ይቆረጥና ይበየድ! የመኪና ብረት አይደለም እንዴ?"

"አይበየድም፣ ጓድ" አለ ገመቹ። ኧረ እባክህ አልኩ በሆዴ። "በኛ በያጆች እሳት አይሆንም፤ አሉሚኒየም ቀይ ሳይሆን በፊት ነው ድንገት የሚቀልጠው። ለእሱ ሌላ ዓይነት ብየዳ ነው ያለው።"

"ይህንንም ያውቃል!" አለ ሊቀመንበሩ። "ጻፉ!"

እዚያ ከስር፣ ዘይት ፊታችን ላይ እየተንጠባጠበ፣ በሹክሹክታ ጠየቅሁት።

"ገመቹ፣ ለምንድነው ደብረ ዘይት ያልከው?"

"ጠየቀኝ እኮ፣ ይርጌ።"

እንባዬ መጣ፤ ሳቄም መጣ። እሱ ግን ዓይኑ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያገናኘው ብረት፣ የኋላ እግር በሚሉት ላይ ነው። ሲያስብ ከንፈሩን ይነክሳል። ከዚያ በኦሮምኛ "ሂንሶዳቲን" አለኝ፤ አትፍሪ ማለቱ ነው። "ዘንጉን ማሳጠር ካልቻልን መኪናውን እናስረዝመዋለን።"

የኋላው እግር ባሌስትራው ላይ፣ መኪናውን በሚሸከመው ድርብርብ ብረት ላይ የሚቀመጥበት ቀዳዳ አለ፤ ያ ቀዳዳ ነው እግሩን ቦታው ላይ የሚይዘው። ገመቹ ያሰበው ከዚያ ወደ ኋላ አራት ጣት ርቆ ሌላ ቀዳዳ በስቶ እግሩን በሙሉ ወደዚያ ለመግፋት ነው። መኪናውን በክሪክ አነሳነው፣ ጎማዎቹን ፈታን። የእጅ ትራፓኖውን፣ ብረት መብሻውን፣ እኔ ከላይ በደረቴ እየተጫንኩ እሱ ያዞራል። የብረቱ ብናኝ ዓይኔ ገባ፣ መዳፌ ተላጠ። "ያዢ" ሲለኝ እይዛለሁ፣ "ልቀቂ" ሲለኝ እለቃለሁ። እንደዚያ ቀን ታዝዤለት አላውቅም። ቡሎኖቹን በመጨረሻ ሲያጠብቅ ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቷል።

እዚያው ስር እንደተንጋለልኩ ተሳልኩ። "ቅዱስ ሚካኤል፣ ይህ ዘንግ ሳይሰበር መኪናው ይሂድልኝ፤ ትልቅ ጃንጥላ ከነዘርፉ አስገባለሁ።"

ወጣን። ሽማግሌው ወደ ኋላው ቁጢጥ ያለ ሰው መስሏል። የእግሩን ገመድ ፈቱለትና ገመቹ ገብቶ ሞተር አስነሳ፣ ማርሽ አስገባ። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሄደ! ግቢውን ዞረና በሩ ጋ ቆመ። ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረና ወዲያው ተወው።

"ግቢ ውስጥማ ምን አይሄድም" አለ ሊቀመንበሩ፤ ድምፁ ግን ቀንሷል። "አስፋልት ላይ ይታይ።"

ሃምሳ አለቃው ጋቢና ገመቹ አጠገብ ገቡ፤ እኔ፣ ሊቀመንበሩና ጠባቂው ከኋላ ወጣን። በሞጆ መንገድ ወጣን። መጀመሪያ ከስር ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ጥርሴ እስኪንገጫገጭ፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን እየለሰለሰ መጣ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከከተማው ስንወጣ አሁን ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። የሃምሳ አለቃው እጅ በመስኮት ወጥቶ ወደ ፊት አመለከተ። ቀጥል ነው።

ሄድን። አሁንም አመለከቱ። ሞጆ ደረስን፤ እዚያ ያዞሩታል አልኩ። ሞጆንም አለፍነው። የጋቢናውን ጣሪያ በመዳፌ ደበደብኩት።

"ሃምሳ አለቃ! ወዴት ነው?"

አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። "ደብረ ዘይት፣ እህቴ። መኪናው ሄዷል፤ ግን እኔ ብቻዬን ለቅቄው ነገ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? የሚያውቅ ሰው ይየው።"

ወደ ካምፑ። ከዚያ ካምፕ ዘረፈ ተብሎ የተከሰሰ ሰው ራሱ እየነዳ ወደ ካምፑ! እኔ በደረቴ ተጭኜ የገጠምኩት ዘንግ ነው ባሌን ተሸክሞ የሚወስደው። ዘንጉ ደህና በሄደ ቁጥር እኔ እየባሰብኝ መጣ። ከእግሬ ስር ሲሽከረከር ይሰማኛል፤ ምንም እንከን የለውም፣ የተረገመ! ግንባሬን ጋቢናው ላይ ደፍቼ ስለቴን ገለበጥኩት።

"ሚካኤል፣ ተሳስቻለሁ። ይሰበር። አሁኑኑ እዚሁ መንገድ ላይ ይሰበርልኝ፤ ሁለት ጃንጥላ አስገባለሁ።"

ሚካኤል አልሰማኝም፤ ወይም የመጀመሪያውን ሰምቶ ጨርሶ ነበር። ዘንጉ ካምፑ በር ድረስ አደረሰን።

በሩ ላይ አቆሙን። ብዙ ጠበቅን። በመጨረሻ ፀጉራቸው የሸበተ፣ የሥራ ቱታ የለበሱ አንድ ሻምበል መጡ። ሃምሳ አለቃው ነገሩን በአጭሩ ነገሯቸው። ሻምበሉ መሬት ላይ ጋደም ብለው ከስር አዩ፤ ዘንጉን በጣታቸው ቆረቆሩት፣ ፊደሉን አነበቡት። ከስር ሳቃቸው ተሰማ።

ተነስተው ልብሳቸውን አራገፉ። "የመኪና ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚገባበት አውሮፕላን የለንም። ለዚህ ነው ሰው ያሰራችሁት? ሰውየው ነፃ ነው፣ ፍቱት!"

እልልታዬን አቀለጥኩት! የሻምበሉን ጉልበት ሳምኩ። ሊቀመንበሩን ሳይቀር ልስመው ምንም አልቀረኝም። እልል እያልኩ እየዞርኩ ሻምበሉ ሌላ ነገር ሲያወሩ ከጀርባዬ ሰማሁ።

"እግሩን ወደ ኋላ ገፍቶ የገጠመው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለ ገመቹ።

"ቆይ... ገመቹ? አንተ ነህ እንዴ?" እቅፍ አድርገው ሳሙት። አብረው ሠርተዋል ለካ። "አንተ ሰው! ጆሮህ እንዴት ሆነ?"

ዞርኩ። ገመቹ ፊት ለፊቴ ነው። ዓይኔን አፍጥጬ ራሴን ነቀነቅሁ፤ አያይም። አንድ ሰው ጠይቆታላ!

"ግራው አልፎ አልፎ ይጮህብኛል" አለ። "ቀኙ ግን ድኗል፣ ሙሉ በሙሉ ነው የምሰማበት።"

የሻምበሉ ፊት ቀስ እያለ ተለወጠ። ክፋት አልነበረም፤ ሐዘን ያለበት ነገር ነው። "ሰው የለንም፣ ገመቹ" አሉት። "ሰሜን ያሉት አውሮፕላኖች መካኒክ አጥተው ቆመዋል። ደህና ሆኖ የተገኘ ሁሉ ይመለስ የሚል ትእዛዝ አለ። አላየሁህም እንዳልል ይኸው ስንት ሰው ፊት ነው ያየሁህ።"

አለቀስኩ፣ ለመንኩ፣ ጮህኩ። "አሁን ነፃ ነው ብለዋል እኮ!" አልኳቸው። "ከክሱ ነው፣ እህቴ" አሉኝ። ሊቀመንበሩ ወደ መሬት ያያል። ሃምሳ አለቃ ደምሴ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ያሽከረክሩታል።

እንድሰናበተው ጥቂት ጊዜ ሰጡን። ታዲያ ባሌ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? "ክሮቼራውን በየሳምንቱ ግሪስ አስጠጪው። ዘንጉን ድንጋይ እንዳይመታው፤ አሉሚኒየም አንዴ ከተጫረ ከዚያው ነው የሚሰነጠቀው። ቡሎኖቹን ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና አጥብቂያቸው፣ ይላላሉ..." "ተወው! እሱን ተወው!" ብዬ ደረቱን ደበደብኩት። ማስረዳቱን ቀጠለ። ሌላ መናገር የሚችል አይመስለኝም ነበር። በሩ ውስጥ ሲገባ እንኳ ዞሮ በእጁ የፍሬኑን ነገር ያሳየኝ ነበር። መኪናውን ሃምሳ አለቃው ነድተው ናዝሬት መለሱኝ።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ብዙ አላስለቅሳችሁም። አቶ ሸምሱ ከርመው ደጃፌ ላይ መጥተው ቆሙ። ከብሔራዊ ውትድርና የተሸሸገ ልጃቸው ያን ቀን እቤት ውስጥ፣ ከከሰሉ ጀርባ ነበር። እቃውን የሰጠሁት እኔ ነኝ ቢሉ ጠባቂዎቹ ገብተው ይፈትሻሉ። "ያንቺን ባል ሰጥቼ የኔን ልጅ አዳንኩ" ብለው አለቀሱ። ምን ይባላል? ግቡ አልኳቸው፣ ገቡ። የሚካኤልንም ጃንጥላ አስገባሁ፤ አንዱን ብቻ። ስለት ስለት ነው፤ ግን ስሰጥ ተኮራርፈን ነበር።

መንዳት ተማርኩ። ሌላ ምን ላደርግ? ናዝሬት ውስጥ ሴት ሽንኩርት ጭና ስትነዳ ያዩ ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው ያፏጩብኝ ነበር፤ በኋላ ለመዱኝ። ቡሎን ማጥበቅ፣ ግሪስ ማጠጣት፣ ከትራፊክ ጋር መጨቃጨቅ፣ ሁሉንም ቻልኩት። አንባቢዎቼ፣ ሰው ጠንካራ ነሽ ሲለኝ ደስ አይለኝም። ጥንካሬውን ማን እንዳመጣብኝ አውቃለሁ፤ ሰጥቼ ባሌን ብቀበል ያኔውኑ እሰጠው ነበር። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይሄ ነው፤ ያን ሁለት ቀን ገመቹ አንድም ውሸት አልተናገረም። ቢዋሽ ኖሮ መጀመሪያውኑ አይታሰርም፤ ቢዋሽ ኖሮ መጨረሻ ላይ አይወሰድም። እናንተ ልጆቻችሁን እውነት ተናገሩ ብላችሁ ስታሳድጉ እኔ ዝም ብዬ እሰማችኋለሁ። ተሳስታችኋል አልልም። ግን አፌ ሞልቶ ትክክል ናችሁ ለማለትም አቅቶኛል።

መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ ሁሉ በእግሩ ወደየቤቱ ሲመለስ ገመቹም ተመለሰ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ በሁለቱም ጆሮው እየሰማ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያልተመለሰላቸው ስንት አሉ። ሰሜን ምን እንዳየ፣ ማን ምን ጠይቆት ምን እንደመለሰና ምን እንደደረሰበት እስከ ዛሬ አልነገረኝም። መሪውን "ያዝ" ስለው "አንቺ ንጂ" አለኝና አጠገቤ ተቀመጠ።

በተመለሰ ሰሞን ከዓለም ጤና ሽንኩርት ጭነን ስንመጣ ኬላ ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ አስቆመን። ጭነቱ ከሸራው በላይ ሞልቶ ፈሷል፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ ሁለት ሦስት ራስ ሽንኩርት መሬት ላይ ወርዶ ፖሊሱ እግር ስር ተንከባሏል። ፖሊሱ በገመቹ በኩል መጥቶ መስኮቱን ተደገፈ።

"ምን ጭናችኋል፣ አባት?"

ገመቹ ፊት ለፊት መንገዱን እያየ ነው።

"አላውቅም" አለ።

ፖሊሱ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። "ሽንኩርት ነው፣ ወንድሜ" አልኩት እኔ፣ ማርሽ እያስገባሁ።